ጠፍቶ የሚበላው፦ የቤትዎን የስታንድባይ ፍጆታ በቆጣሪዋ ብልጭታ መለካትና መቀነስ

አዳማ ውስጥ በምኖርበት ግቢ አራት ቤተሰብ ነን፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ቢል በደረሰ ቁጥር አከራያችን እማማ ሒሳቡን ይዘው በየበሩ ይዞራሉ፣ ክርክሩም ያኔ ይጀመራል። «የእነዚያ ቴሌቪዥን ሌሊቱን ሙሉ ቀይ መብራቱ ይበራል»፣ «ምጣዱን ማን ነው ሁለት ሰዓት ያቆየው?»፣ «ይሄ ልጅ ቻርጀር ነቅሎ አያውቅም»። ይሄ ልጅ የተባልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ማታ ስልኬንና ደብተሬን ይዤ ቆጣሪው ስር ቁጭ አልኩ። የቻርጀሬ ንጽሕና ያን ማታውኑ ተረጋገጠ። ብዙ ሲበላ የተገኘው ማንም ያልጠረጠረው፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሆኖ ዝዝ የሚለው ስታቢላይዘር፣ ማለትም ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ሳጥን ነበር። ከዚህ በታች ያሰፈርኩት እንዴት እንደለካሁና ምን እንዳስተካከልኩ ነው። የሚያስፈልግዎ ሰዓት የሚቆጥር ስልክ፣ ወረቀትና አንድ ምሽት ብቻ ነው።

አስቀድሞ ልክን ማወቅ

በሪሞት ያጠፉት ዕቃ አልተኛም። ሪሞቱን ለመስማት፣ ሰዓቱን ለማሳየት ወይም ውስጡ ያለውን ትራንስፎርመር ለማስሞቅ ጥቂት ዋት ይወስዳል፤ ስታንድባይ የሚባለው ይህ ነው። ጥቂቱ የሚከብደው ዕረፍት ስለሌለው ነው። 1 ዋት ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ሲፈስ 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 10 ዋት ደግሞ በ30 ቀን 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ይህን ከእንጀራ ምጣድ ጋር ያስተያዩት። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ማንም ሳይጠቀምበት 10 ዋት የሚበላ ሳጥን በወር አንድ ጥሩ የመጋገሪያ ቀን ያህል ይወስዳል፤ እንጀራ ግን የለውም። በሌላ በኩል በሳምንት ሁለቴ የሚጋገርበት ቤት ከሆነ ስታንድባይን ማጥፋት ቢሉን በግማሽ አይቆርጠውም። ይህንን የምለው ይቆርጠዋል ብለው ተስፋ የሚሰጡ ሰዎች ስለበዙ ነው።

ቆጣሪውን ማወቅ

ዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ በላቲን ፊደል «ኢምፕ» የሚልና ከኪሎዋት ሰዓት ጋር የተያያዘ ቁጥር ተጽፏል፦ 800፣ 1000፣ 1600 ወይም 3200። ትርጉሙ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራቷ ያን ያህል ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። በካርድ የሚሞላውም ሆነ በየወሩ የሚነበበው ቆጣሪ ላይ አሠራሩ አንድ ነው። አሮጌው ባለ ዲስክ ቆጣሪ ከሆነ ብልጭታውን ትተው ዲስኩ ላይ ያለው ጥቁር ወይም ቀይ ምልክት ዞሮ የሚመለስበትን ጊዜ ይያዙ፤ ዲስኩ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚዞርም ፊቱ ላይ ተጽፏል።

ስሌቱ ይህ ነው፦ 3,600,000ን ቆጣሪው ላይ ባለው ቁጥር ያካፍሉ፤ ውጤቱን ደግሞ ከአንድ ብልጭታ እስከ ቀጣዩ ባለፈው ሴኮንድ ያካፍሉ። የሚያገኙት በዚያች ሰዓት የሚፈሰውን ዋት ነው። ቁጥሩ 1600 ከሆነ 2250ን ለሴኮንዱ፣ 1000 ከሆነ 3600ን ለሴኮንዱ፣ 3200 ከሆነ 1125ን ለሴኮንዱ ማካፈል ብቻ ነው። የራስዎን ቁጥር አንዴ ወረቀት ላይ ከጻፉት ይበቃል።

ቆጣሪውን መክፈት፣ ማኅተሙን መንካት ወይም ከሥሩ ያሉ ገመዶችን መነካካት አያስፈልግም፤ ክልክልም ነው፣ ይገድላልም። ሥራው በዓይን ብቻ ነው።

የማታው ልኬት

ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት፣ ሰው ሊተኛ ሲል ጥሩ ነው። የግቢ ቆጣሪ ከሆነ ጎረቤቶች የየቤታቸውን ብሬከር ለግማሽ ሰዓት እንዲያወርዱ መለመን ያስፈልጋል። እኛ ጋ ሁለት ቀን ፈጀ፤ አንዷ ጎረቤታችን ፍሪጄ ይበላሻል ብላ ነበር። ያልተከፈተ ፍሪጅ ለግማሽ ሰዓት ቀርቶ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። በኋላ ሁሉም ወንበሩን አውጥቶ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ፤ የአዳማ ማታ መቼም ለዚህ አይጠላም።

ቤትዎ ውስጥ ሁሉንም ነገር ዘወትር ስትተኙ እንደምትተዉት ያድርጉት። ቴሌቪዥን በሪሞት ይጥፋ፣ ሪሲቨሩም እንደዚያው፣ ቻርጀር ሶኬቱ ላይ ይቆይ፣ ዋይፋዩ ይብራ። አምፖሎችን ያጥፉ። ፍሪጁን ግን ከነስታቢላይዘሩ ይንቀሉት፤ መጭመቂያው በመሐል ሲነሳ ልኬቱን ያበላሸዋል። ቦይለርም ይጥፋ።

ከዚያ ወደ ቆጣሪው ይሂዱ። መብራቷ ብልጭ ባለች ቅጽበት ሰዓቱን ያስጀምሩ፤ ያችን ብልጭታ «ዜሮ» ብለው ይቁጠሩና እስከ አስር ይሂዱ። የመጀመሪያዋን «አንድ» ብሎ የሚጀምር ሰው ዘጠኝ ቆጥሮ አስር ይለዋል፤ እኔም በመጀመሪያው ሙከራ እንዲሁ ነበር ያደረግኩት። አሥሩ ብልጭታ የፈጀውን ሴኮንድ ለ10 ያካፍሉ።

በእኔ ቤት፣ በ1600ው ቆጣሪ፣ አሥሩ ብልጭታ 620 ሴኮንድ ፈጀ። አንዱ 62 ሴኮንድ ነው፤ 2250 ለ62 ሲካፈል 36 ዋት ይመጣል። ሁሉም ነገር «ጠፍቶ» 36 ዋት! በወር ወደ 26 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ከከተማዋ ዳር ኮረብታው ላይ ነጭ የነፋስ ተርባይኖች እየዞሩ ይታዩናል። የመጀመሪያው ጣቢያ 34፣ ሁለተኛው 102 ተርባይን አለው፤ እያንዳንዱ ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ 1.5 ሜጋዋት ነው። እንደ እኔ ያለ 36 ዋት የሚያባክን ቤት 100,000 ቢኖር 3.6 ሜጋዋት ይሆናል። ነፋሱ ቀንቶት ሙሉ ኃይሉን በሚሰጥ ሰዓት እንኳ ከሁለት ተርባይን በላይ የሚሠራው ለቀይ መብራቶቻችንና ለስታቢላይዘሮቻችን ነው ማለት ነው።

አንድ በአንድ መንቀል

አሁን አንድ ዕቃ ይንቀሉና እንደገና ይቁጠሩ። ልዩነቱ የዚያ ዕቃ ድርሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ ስታቢላይዘር ላይ ከተሰኩ መጀመሪያ እነሱን ነቅለው ስታቢላይዘሩን ባዶውን ግድግዳው ላይ ይተዉት። አለበለዚያ የሦስቱ ፍጆታ ተደባልቆ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም።

የእኔ ወረቀት ላይ የተጻፈው ይህ ነበር፦ ባዶ ስታቢላይዘር 12 ዋት፣ ሪሲቨር 9፣ የዋይፋይ ራውተር 7፣ አሮጌ ስፒከር 4፣ ማይክሮዌቭ 3፣ ቴሌቪዥን 1። ቻርጀሩን ብነቅለውም ብሰካውም ለውጥ አልነበረም።

ጭነቱ እያነሰ ሲሄድ ብልጭታው እየራቀ ስለሚመጣ መጠበቁ ያሰለቻል። ከዚያ ሌላ ችግርም አለ፦ ቆጣሪዎች ከተወሰነ መጠን በታች ያለ ጭነትን ጭራሽ አይቆጥሩም። አራት አምስት ዋት ብቻውን ሲሆን ብዙዎቹ ቆጣሪዎች እንዳላዩ ያልፉታል። አንዳንዶቹ ላይ መብራቷ ሳትጠፋ ዝም ብላ ትበራለች፤ የምትለው «የሚቆጠር ነገር የለም» ነው። ታዲያ ትንሹን ዕቃ ለመለካት አንድ 60 ዋት አምፖል አብርተው ይተዉ። አምፖሉ ብቻውን ሲበራ አሥሩ ብልጭታ በ1600 ቆጣሪ 375 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። 5 ዋት የሚበላ ዕቃ ሲጨመርበት ወደ 346 ይወርዳል። ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰዓት የአምፖሉ ዋትም አብሮ ስለሚለዋወጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ደግመው ይለኩ፤ ውጤቶቹ ከተቀራረቡ ይቀበሏቸው።

ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋት ሜትር ካገኙ ይህ ሁሉ ድካም ይቀራል፤ ዕቃውን እሱ ላይ ሰክተው ያነቡታል። ኤሌክትሪሽያኖች የሚይዙት ክላምፕ ሜትር ግን ለዚህ ሥራ ያሳስታል። በስታንድባይ ያለ ዕቃ የሚስበው ኮረንት አብዛኛው ሥራ ሳይሠራ ሄዶ የሚመለስ ነው። ክላምፑ ያነበበውን አምፒር በ220 ቢያባዙት እውነተኛው ዋት ሦስትና አራት እጥፍ ሆኖ ይታያል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ግን እውነተኛውን ዋት ነው፤ የሚያስከፍልዎም እሱ ነው።

መሣሪያ ጭራሽ ለሌለው ሰው እጅ አለው። ሁሉም ከጠፋ ከሁለት ሰዓት በኋላ በየዕቃው ጀርባ ወይም አናት ላይ መዳፍዎን ያሳርፉ። ሥራ ሳይሠራ የተበላ ኃይል መሄጃው ሙቀት ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ ይለፉት። ሞቅ ካለ ይጻፉት።

ስታቢላይዘሩ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ምክንያቱም ስለ ስታንድባይ በሌላ አገር የሚጻፈው ጽሑፍ ስታቢላይዘርን አያነሳም፣ እኛ ቤት ግን ከሁሉ በላይ የሚበላው እሱ ነው። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ከባድ የብረት እምብርት አለው። ግድግዳው ላይ እስከተሰካ ድረስ ያ ብረት በሴኮንድ 50 ዙር መግነጢሱ ወዲያና ወዲህ ይገለባበጣል፤ ዝዝ የሚለው ድምፅም ሙቀቱም ከዚያ ነው። ይህ ኪሳራ ቴሌቪዥኑ በራም ጠፋም አይቀንስም። እንደ ትልቅነቱና እንደ አሠራሩ ጥራት ከ5 እስከ 20 ዋት ሊደርስ ይችላል። ለ80 ዋት ቴሌቪዥን ባለ 2000 ቪኤ (ቪኤ የስታቢላይዘር አቅም መለኪያ ነው) ስታቢላይዘር የገዛ ሰው ያለ ሥራ የሚሞቅ ብረት ነው የገዛው።

መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት ዝቅ ያለ ቮልቴጅን ራሱ ይችላል፤ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚጠብቀው ነገር ነው። ለዚያ ቮልቴጅ ሲበዛ ወይም ሲያንስ ቆርጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታ የምትመልስ ትንሽ መከላከያ ትበቃለች፤ ትራንስፎርመር ስለሌላት ፍጆታዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እኔ ስታቢላይዘሩን አንስቼ ያደረግኩት ይህንን ነው።

ጀርባው ላይ 220 ቮልት ብቻ የሚል አሮጌ ዕቃ ከሆነ ስታቢላይዘሩን ይተዉት፤ ነገር ግን ማታ ከግድግዳው ያጥፉት። የፊት ቁልፉን ሲያጠፉ ማሳያው መጥፋቱን ብቻ አይመኑ። አንዳንዱ ቁልፍ የሚቆርጠው ወደ ቴሌቪዥን የሚወጣውን ብቻ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ይቀጥላል። ጠዋት ሲዳስሱት ቀዝቅዞ ካደረ እውነትም ጠፍቷል።

የፍሪጁን ስታቢላይዘር አይንኩ። ፍሪጅን ማታ ነቅሎ ማሳደር ግቢያችን ውስጥ እንደ ቁጠባ የሚቆጠር ልማድ ነበር፤ በዚህ ሙቀት የሚተርፈው የተበላሸ ወጥ ነው። ጠዋትም ፍሪጁ ያጣውን ቅዝቃዜ ለመመለስ ሲሮጥ ያረፍዳል።

ሪሲቨርና ቴሌቪዥን

የዲሽ ሪሲቨር በሪሞት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ምስሉና ማሳያው ነው። ውስጡ ያለው ሥራውን ይቀጥላል፤ አንዳንዱ ጣሪያ ላይ ላለው የዲሹ ዓይን ኃይል መላኩን እንኳ አያቆምም። አዳዲሶቹ ከ1 ዋት በታች የሚወርዱ አሉ፣ አሮጌዎቹ 10 ዋት የሚነኩ አሉ፤ ስለዚህ መለካት ነው። ጀርባው ላይ ማጥፊያ ካለው እሱን፣ ከሌለው ሶኬቱን ያጥፉ። ቻናሎቹ ይጠፋሉ የሚለው ስጋት ትክክል አይደለም፤ የተቀመጡት መብራት ሲጠፋ በማይረሳ ማኅደር ላይ ነው። ያለበለዚያ መብራት በሄደ ቁጥር ሁላችንም ቻናል ስንፈልግ በዋልን ነበር። ሲከፈት አንድ ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል፣ ያ ብቻ ነው።

ቴሌቪዥኑ ራሱ ከተሻሻሉት ዕቃዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ማንኛውም ዕቃ በስታንድባይ ከ1 ዋት እንዳይበልጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ ወደ ሕግ ቀየረው፣ በ2013 ደግሞ በስታንድባይ ሰዓት ወይም ሌላ መረጃ ለማያሳዩ ዕቃዎች ወደ ግማሽ ዋት አወረደው። ለዚያ ገበያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ለእኛም የሚልኩት ያንኑ ስለሆነ አዲስ ፍላት ቴሌቪዥን አብዛኛውን ጊዜ አያሳስብም። የሚያሳስበው ስማርት የሚባለው ነው፦ «ፈጣን ማስጀመሪያ» ወይም በዋይፋይ የሚነሳበት አማራጭ ከበራ ጠፍቶም ብዙ ዋት ሊበላ ይችላል። ማስተካከያው ውስጥ ገብተው ያጥፉት። አሮጌው ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ግን በሪሞት ብቻ አይጠፋም፤ ፊቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ይጫኑ።

ቦይለር

በትክክለኛው አነጋገር ስታንድባይ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ያው ነው፣ መጠኑም ይበልጣል። 50 ሊትር ቦይለር ቀኑን ሙሉ ሲበራ ማንም ሳይታጠብበት ሙቀቱን ለመጠበቅ ብቻ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሊያጠፋ ይችላል። በወር 30 ነው፤ ከእኔ ቤት ስታንድባይ ሁሉ ይበልጣል።

50 ሊትር ውሃን በ30 ዲግሪ ለማሞቅ 1.75 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ባለ 1500 ዋት ቦይለር ይህን በአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከመታጠብዎ አንድ ሰዓት በፊት አብርቶ ሲገቡ ማጥፋት ይበቃል። አዳማ ላይ ደግሞ ሌላ ሀብት አለ፦ ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ላይ ካለው ጥቁር ሮቶ የሚወርደው ውሃ ለብ ያለ ነው። ጠዋት የሚታጠብ ሰው ወደ 11 ሰዓት ምሽት ቢያዛውረው ቦይለሩን ብዙ ቀን ላያበራው ይችላል። ሚስቴን በዚህ እስካሁን አላሳመንኳትም።

የቀሩት

ማይክሮዌቭ ሰዓት ለማሳየት 2 ወይም 3 ዋት ይወስዳል፤ ይንቀሉት። ባለ ትራንስፎርመር ስፒከርና ሆም ቲያትር ቁልፉ ጠፍቶም ሊሞቅ ይችላል፤ እጅዎ ይነግርዎታል። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከኋላው ባለው ቁልፍ ይጠፋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባለ ባትሪ ሳጥን) ባትሪውን እየሞላ ሁልጊዜ ይበላል፤ ኮምፒውተሩን በሳምንት አንዴ ለሚከፍት ሰው ትርፉ ወጪ ነው። ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚሰጠው ማሽን ከቦይለር ዘመድ ነው፤ ማታ ማታ ይጥፋ። ራውተርን ሌሊት ማጥፋት ይቻላል፤ እኔ ትቼዋለሁ፣ ከውጭ አገር የሚደውል ዘመድ አለን።

ቻርጀር? ስልክ ያልተሰካበት ደህና ቻርጀር 0.2 ዋት ገደማ ነው፤ በዓመት 2 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይንቀሉት ካልኩ ርካሹና አስመስሎ የተሠራው እሳት ስለሚያስነሳ ነው እንጂ ለቢሉ አይደለም።

ዲቫይደር አገጣጠም

በየማታው አምስት ሶኬት የሚነቅል ሰው የለም፤ ለሦስት ቀን ካልሆነ። ስለዚህ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው አንድ ጠንካራ ዲቫይደር ይግዙና ቴሌቪዥኑን፣ ሪሲቨሩንና ስፒከሩን እሱ ላይ ይሰብስቡ። ከሶፋው ጀርባ አይደብቁት፤ እጅ የሚደርስበት ቦታ፣ ከተቻለ መኝታ ቤት ከመግባትዎ በፊት የሚያልፉበት ጎን ይሁን። ራውተሩን ለብቻው ግድግዳ ላይ ይተዉት፤ አንድ ላይ ከሰኩት ልጆቹ በኢንተርኔት ሰበብ ዲቫይደሩን መልሰው ያበሩታል።

ሲገዙ ቁልፉ ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ መሆኑን ይጠይቁ። የእኛ ሶኬት በሁለቱም በኩል ስለሚገባ አንዱን ብቻ የሚቆርጥ ቁልፍ አንዳንዴ ኒውትራሉን (ኮረንቱ የሚመለስበትን ሽቦ) ይቆርጥና ዕቃው ውስጥ መብራት ይቀራል። ምጣድ፣ ምድጃና ካውያ ዲቫይደር ላይ አይሰኩ፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ያየሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዲቫይደሩን ያጥፉ፤ ሲመለስ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያብሩት።

ብሩና የግቢው ሒሳብ

የዋጋውን አሃዝ እዚህ ያልጻፍኩት ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ በየጊዜው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ነው፤ ከራስዎ ቢል ይውሰዱት። ታሪፉ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ጀምሮ በእርከን የሚወጣ ስለሆነ የቁጠባዎን ዋጋ በደረሱበት እርከን ያስሉት። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲሆን ሁሉም ተደምሮ ላይኛው እርከን ላይ ስለሚወጣ የአንዱ ስታቢላይዘር ዕዳው ለአራቱም ነው። እማማን ያሳመናቸው ይሄ ነው፤ አሁን ለየቤቱ የውስጥ ቆጣሪ እናስገባ ብለው እየተነጋገርን ነው።

ለውጡን ሲያወዳድሩ ብሩን አይደለም፣ ኪሎዋት ሰዓቱን በቀን ቁጥር አካፍለው ያወዳድሩ። የሚነበብበት ቀን አንድ ዓይነት አይደለም፣ ጳጉሜም ታሳስታለች። የእኔ ቤት 36 ዋት ዛሬ ማታ ማታ 8 ነው፤ ራውተሩና መከላከያዋ።

ሁሉም ተነቅሎ ቆጣሪዋ አሁንም ብልጭ ካለች

ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የተረሳ ነገር ይፈልጉ፦ የደጅ አምፖል፣ የውሃ ፓምፕ፣ የበር ደወል። ከዚያ ዋናውን ብሬከር ያውርዱ። ብልጭታው ከቆመ ችግሩ በቤቱ መስመር ውስጥ ነው፤ የእርጥብ ግድግዳ ወይም የተላጠ ሽቦ ፍሳሽ ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ወይም ቧንቧ ሲነኩ የሚነዝር ስሜት ካለ ብሬከሩን መልሰው አያንሡ፣ ኤሌክትሪሽያን ይጥሩ። ብሬከሩ ወርዶም ብልጭ ማለቷን ካላቆመች ከቆጣሪውና ከብሬከሩ መካከል የተቀጠለ መስመር አለ ወይም ቆጣሪው ታሟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ራስዎ ሳይነካኩ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውለው የቆጣሪውን ቁጥር ያስመዝግቡ።